የእናቴ ድምፅና የሰውየው ምራቂ

ደባርቅ ገበያ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ካርዱን ስትሰጣቸው ምን እንዳለበት አይጠይቁም። ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩታል፣ ፎርማት ያደርጉታል፣ ከዚያ መዝሙሩንም ዘፈኑንም ፊልሙንም ይሞሉበታል። አንዱን ለምን አጠፋኸው ብትለው «ቫይረስ ይኖረዋላ!» ብሎ ይመልስልሃል። እህል ከመስፈሩ በፊት ስልቻውን እንደሚያራግፍ ነጋዴ ነው ነገሩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ቆሽቴ ያራል።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ጊች፣ ገጠር ትኖር ነበር። እኔ ደባርቅ የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ። ልትደውልልኝ ስትፈልግ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ትወጣለች። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ያመለጠኝን ደግሜ እንድሰማ ስልኬ ጥሪውን ሁሉ እንዲቀዳ አድርጌው ነበር፤ የተቀዳውም ካርዱ ላይ ይቀመጣል። የማን ላም እንደወለደች፣ በረዶ የማንን ገብስ እንደመታ፣ እኔ ደግሞ ከስተሻል አሉኝ ተብዬ እንዴት እንደምገሠጽ፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

እሷ ስትሞት አባቴን እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። አይናገሩም፤ እህል ወደ አፋቸው አይልም። ሲጨንቀኝ ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁና ያንን ካርድ ከተትኩበት። ይህቺን ሲጫኑ ይከፍታል፣ ይህቺን ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ያልፋል ብዬ አሳየኋቸው። ወዲያው ለመዱት። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጡና እናቴን ያዳምጣሉ። ማዳመጥ ብቻ መቼ ሆነና! ይመልሱላታል እኮ። «እሱንስ ያኔውኑ ነግሬሽ ነበር» ሲሉ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ቀስ በቀስ መብላትም ጀመሩ። ያቺ ጥፍር የምታህል ካርድ ናት አባቴን ሰው አድርጋ ያቆየችልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ዳባት ሱቅ አለው። የዐቢይ ጾም ሲገባ ሊጠይቀን መጣ። ለአባቱ ደግ ነገር ማድረግ አማረውና እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ካርዱን ይዞ ገበያ ወጣ። ሚሞሪ ለሚጭነው ሰውዬ «መዝሙርና ስብከት ጨምርበት» ብሎ ሰጠውና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሰውየው መጨመር የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንደ ልማዱ አራገፈው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሬዲዮዋን ከፈቱ። መዝሙር ሆነ። አማትበው እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡ። ሌላ መዝሙር ተከተለ። እሱንም አዳመጡ። መዝሙሩ ሲያበቃ እሷ ትመጣለች ብለው ነው ለካ የሚጠብቁት! በመጨረሻ ሬዲዮዋን ይዘው ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ እናትሽ ዛሬ ዘገየችሳ» አሉኝ።

ወንድሜ ላይ ጮህኩበት። ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩበት።

«ጨምርበት ነው ያልኩት! የኔስ እናት አይደለችም እንዴ?» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ለቅሶውን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። በዚህ ነገር ጥቂት አውቃለሁ። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ ነው፤ ድምፁ ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ጥቂት መዝሙር ብቻ ከሆነ የተጫነው አብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል ጫነበት?

«ኧረ ጥሩ ሰው ነው» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «መዝሙሩን ከጫነ በኋላ ቦታ ተርፏል ብሎ ምራቂ ጨመረልኝ። እስኪሞላ ድረስ ፊልም ጫነበት።»

ወይ ምራቂ! እናቴን መቃብር የከተታት በሽታ ነው፤ ከካርዱ ያጠፋት ግን ማንም ያልጠየቀው የዚያ ሰውዬ ቸርነት ነው። ሄጄ ብሰድበው ምን ሊገባው? ደግ የዋለ ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ በሱቁ በር ሳልፍ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ግን ፊቴን አዞራለሁ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ካርዱ ላይ አንዲት ነገር እንዳይጨመርበት ከሬዲዮዋ አወጣሁትና ቢሮ ወስጄ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ለቀቅኩበት። ቁጥር ቁጥር የሆነ ስም ተግተልትሎ መጣ። አንዱን ስከፍት መዝሙር፣ ሌላውን ስከፍት የፊልም ተኩስ ነው። ስሙ የሷ ስልክ ቁጥር ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ተሞልቶበታል። አንዱን፣ ፊልሙ ያልደረሰበት ጥግ የተረፈውን፣ እንደ ሌሎቹ ነው ብዬ ከፈትኩት፤ የራሴ ድምፅ «ሃሎ እማዬ» አለ። ከአባቴ ጋር ልሰማው ብዬ እዚያው አቆምኩትና አዲስ ካርድ ላይ ገልብጬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ወንድሜም ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ሬዲዮዋን ከፈትኩ። «ሃሎ እማዬ» እላለሁ። ነፋስ ያፏጫል። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ሬዲዮዋን ሞላው፤ ለካ ያን ቀን ስልኩን ተቀብለዋት ኖሯል። «ሃሎ! ልጄ! ትሰሚኛለሽ? ገብሱ ደህና ነው! በቅሎዋም ደህና ናት! ሃሎ!» ይጮኻሉ። ከኋላ፣ ከሩቅ፣ እናቴ «ንገራት... ኧረ ንገራት...» ትላለች። የሚቀጥለውን የሳቸው ጩኸት ዋጠው። ከዚያ ተቋረጠ።

አባቴ እንድደግመው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ደገምኩት። ሬዲዮዋን ከጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። አሁንም ድገሚው አሉኝ። የገዛ ድምፃቸው ስለ በቅሎዋ መጮህ ሲጀምር ሬዲዮዋን በመዳፋቸው መቷት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዝም በል እንጂ! እሷ ትናገር!»

ዝም አላለም። ገብሱ ደህና መሆኑን ጮኾ ጨረሰና ተቋረጠ።

«አባዬ» አልኳቸው፣ «ምን ንገራት ብላዎት ነበር?»

«እኔ መቼ ሰማኋት» አሉኝ። «እየጮህኩ ነበር።»