በእኔ ሦስት ሰዓት የተቀዳ ውሃ

ነገረኛ ተብያለሁ፤ ግትር ተብያለሁ፤ ባለቤቴ በቀን አንዴ ሳትለኝ አትውልም። ውሸታም ያለኝ ግን አንድ ፈረንጅ ብቻ ነው፤ ያውም ባሕር ማዶ ቁጭ ብሎ፣ በኮምፒውተር መስኮት። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የተጣመመ ካለ አቃንታችሁ አንብቡት።

ቤይሩት የመጣሁት በጭነት መርከብ ነው፤ ከአሰብ። መርከቧ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ብዙ ዓመት የሕንፃ ናጡር ሆንኩ፤ ያኒ ዘበኛም፣ ጽዳትም፣ ቧንቧ ጠጋኝም። ከነዋሪዎቹ አንዷ የባሕር ውሃ የምትመረምር አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆም ብላ፣ "ዓሞ፣ መርከበኛ ነበርክ አሉ፤ ለምን እኔ ጋ አትሠራም?" አለችኝ። ዓሞ ማለት አጎቴ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዶክቶራ እላታለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከመኪናውና ከጄኔሬተሩ የሚወጣውን ካርቦን ባሕር ይጠጣዋል። በጠጣ ቁጥር ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥ የዛጎል ቅርፊት ይሳሳል። ምን ያህል እንደጠጣ ለማወቅ የብዙ አገር ወደቦች ተስማምተው በወር አንድ ቀን፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ውሃ ይቀዳሉ፤ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ ዘጠኝ። ጠርሙሱ ሁሉ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ይላካል። የሚመረምረው ያ ፈረንጅ ነው። ማን ቀዳ፣ ማን ቀረ፣ የማን ሣጥን ጉምሩክ ተያዘ እያለች ወደቦቹን የምታስተባብረው ዶክቶራ ናት። የቤይሩቱን የምቀዳው እኔ።

ውሃ መቅዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቱቦው የጠርሙሱን ታች መንካት አለበት። ውሃው ከታች ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ሞልቶ ይፈሳል፤ አሁንም ዝም ብለህ ታፈሰዋለህ። አንዲት የአየር አረፋ ከገባች ኸላስ፣ ደፍተህ እንደገና። ከዚያ ጠብታ መርዝ ይገባል፤ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ነፍሳት እየተነፈሱ ካርቦኑን እንዳይጨምሩት። ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ መዝገብ፤ የመዝገቡ ቅጂ ከጠርሙሱ ጋር ይሄዳል።

መዝገቡን ድሮ የምትጽፈው የዶክቶራ ረዳት ነበረች። እሷ አገር ለቃ ስትሄድ እኔ ያዝኩት። ከጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ገበያ ወፍራም ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቼ ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳላጓድል ጻፍኩ። መንገድ የተዘጋ ቀን ከምኖርበት ከቡርጅ ኤል ባራጅነህ ጠርሙሶቼን አዝዬ በእግሬ ወርጃለሁ። ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ዛሬ አልወጣም ሲል ተጣልቼ አስወጥቼዋለሁ።

አንድ ቀን ዶክቶራ ፊቷ ጠቁሮ ጠራችኝ።

"ዓሞ፣ የዓመቱን ውሃችንን ሊሰርዙት ነው። ከተሰረዘ ቤይሩትም ከወደቦቹ ትወጣለች።"

"ማነው የሚሰርዘው?"

"ያውልህ" ብላ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው።

ፈረንጁ ይናገራል፣ እሷ ወደ አረብኛ ትመልሳለች። ነገሩ ይሄ ነው፦ የባሕር ሣር ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ካርቦኑን ይበላል፤ ሌሊት መልሶ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ የጠዋት ውሃ ካርቦኑ ብዙ ነው፣ የከሰዓት በኋላው ያነሰ። የእኔ መዝገብ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ይላል፤ እነሱም ከሰዓት በኋላ ሦስት ብለው ያዙት። ጠርሙሶቼ ውስጥ ያለው ካርቦን ግን ለከሰዓት በኋላ በዝቷል። "ሰውየው መርዙን እየረሳ ነው፤ ውሃው በመንገድ ተበላሽቷል" አለ።

"መርዝ ረስቼ አላውቅም! ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለው ማነው? ጠዋት ነው የቀዳሁት!"

"ዓሞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት እኮ ጨለማ ነው" አለች ዶክቶራ።

"የእናንተ ሦስት ነዋ! በእኔ ሦስት ፀሐይ ወጥታ ሦስት ሰዓት ሞልቷታል!"

ያኔ ገባኝ። በአፌ አረብኛ ስናገር ሰዓቱም አብሮ አረብኛ ይሆናል፤ ዓሣ አጥማጁን በዘጠኝ ብዬ ነው የምቀጥረው። ብዕር ስይዝ ግን እጄ አገር ቤት ነው ያለው። ዶክቶራ ሲገባት ሳቀች። ፈረንጁ አልሳቀም። "አሁን ሲያዝ ሰዓቱን አዞረው። ውሸት ነው" አለ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ባዳሮ ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ማዳሜ ጋ በነሱ ሰዓት ገብቼ በነሱ ሰዓት እወጣለሁ፤ ምን ጎደለብኝ? ፓርዶን በልና አርመው።"

"ሳላጠፋ ምን ብዬ?"

"እንግዲያ ውሸታም እንደተባልክ ቅር!"

በማግስቱ ዶክቶራ ዘንድ ሄድኩ። "በአንድ ቀን ሁለቴ እቀዳለሁ" አልኳት፤ "በእኔ ሦስትና በእኔ ዘጠኝ። አንዱ ጠርሙስ ላይ ሀ፣ አንዱ ላይ ለ ብቻ እጽፋለሁ። ሰዓቱን በወረቀት አሽጌ አንቺ ጋ አስቀምጣለሁ። ሊቅ ከሆነ የትኛው የጠዋት እንደሆነ ከውሃው ይወቅ። የእኔ ጠርሙስ የሚበላሽ ከሆነም ያው ሁለቱም ተበላሽተው ይገኛሉ።"

"ካልለየውስ? ያን ጊዜ የምከራከርበት የለኝም።"

"ይለየዋል። እኔ ነኝ የቀዳሁት።"

ዓሣ አጥማጁ ሁለቴ ስለው ጮኸ። "ሐጅ፣ ሚስቴ እንኳ በቀን ሁለቴ ባሕር አትልከኝም!" ክርስቲያን ነኝ ብለው አይሰማም፤ ሐጅ ይለኛል። "ያላ፣ አውጣት" አልኩት። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ከፍ ብሎ ስለነበር አረፋ እየገባ አራት ጊዜ ደፋሁ። በአምስተኛው ሆነ።

ሣጥኑ ሄደ። ሳምንታት አለፉ፤ እንቅልፍ አልነበረኝም ብል አላጋነንኩም። የስብሰባው ቀን ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ መስኮቱ ፊት ተቀመጥኩ።

"ለ የጠዋቱ ነው" አለ ፈረንጁ። "ካርቦኑ ካለፈው ዓመት ጠርሙሶች ጋር ይገጥማል። ሀ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ነው።"

ዶክቶራ ወረቀቱን ቀደደችው። ሀ በእኔ ዘጠኝ፣ ለ በእኔ ሦስት። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፈችለት።

ፈረንጁም ከዚያ ይቅርታ እንደማለት፣ "የዓመቱ ውሃ ይቆያል። ሽማግሌው ግን መዝገቡን ሰርዘው በእኛ ሰዓት ይጻፉት" አለ።

"አልሰርዝም" አልኩ።

"ዓሞ፣ ሲል ቩ ፕሌ" ብላ ለመነችኝ ዶክቶራ።

"መርሲ ዶክቶራ፤ አይሆንም። ፀሐይ ስትወጣ ቀን ይጀምራል። እኩለ ሌሊት ላይ፣ እነሱ ተኝተው ሳሉ የሚጀምር ቀን አላውቅም። ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ፤ የራሱን እሱ ይጻፍበት።"

ይሄን እንዳለ ተረጎመችለት አልተረጎመችለትም አላውቅም። ብቻ በወሩ ለወደቦቹ ሁሉና ለቤተ ሙከራው አዲስ ቅጽ ላከች። ከሰዓቱ ቀጥሎ "በማን አቆጣጠር?" የሚል መስመር አለው። ፈረንጁም የመረመረበትን ሰዓት ሲጽፍ እንደማንኛችንም ይሞላታል።