በሁለት እህቶች መካከል የነበረው ቀዳዳ

ሳቢሃ ከሰኮሩ ወደ ጅማ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየግንባታው ባሬላ ስትሸከም፣ ሲሚንቶ ስታቦካ ኖረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ የልስን ማንኪያቸውን አንስታ ግድግዳ ስትለስን አገኟት። ቁጣ ስትጠብቅ፣ «ክንድሽን አታድርቂው፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሳበው» አሏት። ሙያውን ያዘችው። የሚያሠራት ግን ጠፋ። ሴት ለሳኝ አይተው የማያውቁ ባለቤቶች «አለቃሽ የታለ?» እያሉ ይመልሷት ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የዋቅጅራ ዓይን ደከመና የተጠሩበትን ሥራ ለእሷ ሰጧት። ቤቱ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ዝናቡ ሲበዛ ቡናው እንዳይሻግት ጓሮ ትልቅ ምድጃ ይነድና፣ የሞቀው አየር ወለሉ ሥር በተቀበረ ቱቦ ሄዶ በየክፍሉ ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ምድጃው ከፈረሰ ቆይቷል። መጋዘኑም መኖሪያ ሆነ፤ ባለቤቱ የቡና ነጋዴ ሲሞቱ ደግሞ በግድግዳ ተከፍሎ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው ደረሰ። በቀዳዳዎቹ አሁን የሚመጣው እርጥብ ንፋስና አይጥ ብቻ ነው፤ የሳቢሃ ሥራም እነሱን መድፈን ነው።

ታላቂቱ ለጢፋ በር ላይ ቆመው ሳቢሃን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ዋቅጅራ ሰው እልካለሁ ሲል አንቺን ነው?»

«አዎ፣ አደ ለጢፋ» አለች በአክብሮት። «አንዱን ልድፈነውና ይዩት፤ ካልወደዱት እሄዳለሁ።»

የሽቦ ወንፊት አጥፋ አስገባች፣ በጡብ ስባሪ ጠቀጠቀች፣ በሲሚንቶ ሞልታ ለሰነችው። ለጢፋ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ መሯት።

ከሰዓት በኋላ አምስቱ አለቁ። ስድስተኛው ከለጢፋ አልጋ ራስጌ ነበር።

«እሱ ይቅር» አሉ።

«አንዱ ክፍት ከቀረ አይጡ በእሱ ይመጣል እኮ።»

«ማሎ ልጄ፣ ተይው» ሲሉ ለመኗት።

ሳቢሃ አልተከራከረችም። ቱቦው ከወዲያኛው ወገንም መደፈን ስላለበት ዕቃዋን ይዛ ወደ ታናሽ እህታቸው ወደ ዘሀራ ዞረች። ሁለቱ እህቶች ቤቱ ሲከፈል በተነጋገሩት ክፉ ቃል ተኳርፈው ስምንት ዓመት እንዳለፋቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዘሀራን ያስላቸዋል፤ ደረታቸው ንፋስ አይችልም። ስለዚህ የሳቢሃን መምጣት ወደዱት። ከአልጋቸው አጠገብ ወዳለው ቀዳዳ ስትደርስ ግን እጇን ያዙ።

«ይሄኛው ይቆይ።»

«እትዬ ዘሀራ፣ የሚያስልዎት እኮ ይሄ ነው። ንፋሱ ፊትዎ ላይ ነው የሚመጣው።»

ዘሀራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ከሱብሒ ሶላት በኋላ እህቴ ዱዓ ስታደርግ በዚህ ይሰማኛል» አሉ ቀስ ብለው። «በሕይወት መኖሯን የማውቀው በዚያ ነው።»

ሳቢሃ ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። የሰው ገመና ከቤት ቤት ማመላለስ አትወድም፤ እናቷም ያሳደጓት በዚያ ነው። ዝም ብላ መሄድም አቃታት።

«እሳቸውም የእሳቸውን አላስደፈኑኝም» አለች። «ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡና ጫማቸውን ፈለጉ። በጭቃው ግቢ ዞረው እህታቸው በር ላይ ሲቆሙ ሳቢሃ ከኋላቸው ነበረች። ለጢፋ በሩን ከፈቱ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም።

«ትናንት ማታ አላሳለሽም» አሉ ለጢፋ። «ሳልተኛ አደርኩ።»

«ተሽሎኝ ነው። አልሐምዱሊላህ።»

«ግቢ፤ ዝናብ ላይ አትቁሚ።»

ሳቢሃ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀረች፤ ሲሚንቶዋ እንዳይደርቅ ውኃ እያርከፈከፈች ጠበቀች። በመጨረሻ ለጢፋ ብቅ አሉ። «በይ፣ ሁለቱንም ድፈኛቸው» አሏት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ደህና ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ የዘሀራ ሳል ቀለለ። በሁለቱ ጓሮ መካከል የነበረውን አጥር ዘመዶች አነሱት። እህትማማቾቹ ለጎረቤት ሁሉ «ለሳኝ ከፈለጋችሁ ሳቢሃን» ይሉ ጀመር፤ በዚያው ስሟ እስከ አጋሮ ከተማ ደረሰ። አሁን ሁለት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ባሬላ እየተሸከሙ ብቻ አይደለም፤ በምሳ ሰዓት ማንኪያውን ራሷ ታቀብላቸዋለች።