በሰባት ዓመት የገዛሁት ቦታ

የያዙን ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ በምትባል ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ደጃፍ ላይ ነው። ኮሮና ገብቶ አገሩ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን ስፓዛ የሚሏቸው የሰፈር ሱቆች ይከፈቱ ሲባል የእኛ የመጤዎቹ ሱቆች ተለይተው ቀሩ። ለምን ብለን ለመጠየቅ ባለሱቆች ተሰበሰብን፤ ተናጋሪው እኔ ነበርኩ። ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን፣ በወግ ነው የጠየቅነው። ፖሊሱ ስብሰባ ክልክል ነው፣ በሽታ ያስተላልፋል አለን። ከዚያ ተራርቀን የቆምነውን ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ አጠጋግቶ ጫነን።

ጣቢያ ስንደርስ እኔ፣ የሱቅ ሸሪኬና ሌሎች አራት ባለሱቆች አንድ ክፍል ደረሰን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ በረኪናው ሲደርቅ ደግሞ ምነው ባልደረቀ ያሰኛል። ከመስኮቱ ስር፣ ደህናውን ቦታ ይዞ፣ አንድ ቻይናዊ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። ብርድ እየመጣ ነው ብሎ የሱቁን መዝጊያ ከፍ ሲያደርግ ነው የተያዘው።

ሸሪኬ እንደኔው የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ያደግነው በአንድ አጥር ነው፣ ይህን አገር የገባነውም በአንድ ጭነት መኪና ሸራ ስር ነው። ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል። ምን ዕቃ እንደምናመጣ፣ የት እንደምንከራይ የምወስነው እኔ ነኝ፤ እሱ "አንተ ካልክ" ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ነው የኖርነው።

ቻይናዊው በመጀመሪያ የጠየቀን እድሜያችንን ነው። በሱቅ እንግሊዝኛ፣ ዙሉ እየቀላቀለ፣ እሱ ሃምሳ ዘጠኝ እንደሆነና የሚበልጠው ሰው ካለ ቦታው የዚያ ሰው እንደሆነ ነገረን። አራቱ ባለሱቆች እየሳቁ ነገሩት። ሸሪኬም ነገረው። እኔ ምን አገባህ ብዬ ፊቴን አዞርኩና ሽንት ቤቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሸሪኬ ገና በዚያው ቀን "እሳቸው" ይለው ጀመር። እኔ ያኔ "እሱ" ነበር የምለው፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው።

ሸሪኬ ሃይማኖቱን ጠየቀው። ሰውዬው አንድ ሲጠየቅ፣ የጅምላ ሻጭ ነገር ሆኖበት፣ ሦስት አወጣ። አባቱ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ቢሮ ሲገባ የኮንፊሽየስ ሰው ነው፤ ታላቅና ታናሽ፣ አለቃና ምንዝር፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ። ቤቱ ሲገባ ደግሞ የዳኦ ሰው ይሆናል። ዳኦ መንገድ ማለት ነው፤ ነገር ሁሉ በራሱ የሚሄድበት፣ ሰው አጉል ሲገፋው የሚበላሽ። የዳኦ ሰዎች በኮንፊሽየስ ሰዎች ይስቃሉ፣ መንገዱ ሲጠፋችሁ ነው ወንበር መቁጠር የጀመራችሁት ይሏቸዋል። ሰው ሲሞት የሚጠሩት ግን የቡድሃን መነኮሳት ነው። የቡድሃ ትምህርት ከህንድ በኩል የመጣ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ሲገባ ቃል ስላጠረው ከዳኦ ሰዎች ቃል እየተዋሰ ተናገረ፤ በኋላ ገበያ ተሻሙና ቤተ መንግሥት ድረስ ተካሰሱ። አሁን ሦስቱም በአንድ መቅደስ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቦታ አለ።

"መዝጊያው አንድ፣ ነጋዴው ሦስት" አለ ሸሪኬ።

ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሸሪኬ እንዲህ ያለ ቀልድ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ካለው ደግሞ ለእኔ ነበር መንገር የነበረበት። ጠጋ ብዬ ጣዖት አምላኪ ነው፣ ተጠንቀቅ አልኩት። "እሳቸው ማንንም አልነኩም" ብሎኝ ተመልሶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ፖሊስ ወረቀት ይዞ መጣ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የፈረመ፣ ትንሽ ቅጣት ከፍሎ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። አራቱ ባለሱቆች ፈርመው ወጡ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል፤ የፈረመ ሰው ስሙ ወንጀለኛ ተብሎ ይመዘገባል፣ ፐርሚቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሊያሳድስ በሄደ ቀን ያ ፊርማ ተነሥቶ ይቆምበታል። ሸሪኬን እንዳትፈርም አልኩት። ሚስቱ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈራችን ብቻዋን ናት፣ ወሯ ገብቷል። ብዙ ካሰበ በኋላ "እስኪ እሳቸውንም ልጠይቅ" አለኝ።

በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ ቃል በኋላ ሌላ ሰው ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ምን ብሎ እንደመለሰለት እንኳ አልሰማሁም። ተነሥቼ ፐርሚቴን ከኪሴ አወጣሁና ቦታው የሚበልጥህ ሰው ነው ብለህ የለ ብዬ ለቻይናዊው ዘረጋሁለት።

ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ስልሳ አንድ ይላል። ጥገኝነት ስጠይቅ የተወለድኩበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነገርኳት፣ ጸሐፊዋ እንዳለ በነሱ አድርጋ መዘገበችው። ከእኛ ሰው ስንቱ በዚያ ቢሮ መስኮት ላይ በአንድ ጠዋት አርጅቷል። ላስተካክለው ብል ደግሞ ጭራሹን ይነጥቁኛል ብዬ ተውኩት።

ቻይናዊው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። የለበሰውን ብርድ ልብስ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝና እኔ የነበርኩበት፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ዳቦ ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ አቀረበ። ሻዩንም እንደዚያው። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ አየሩም ደህና ነበር። ሸሪኬ እድሜዬን ከእኔ እኩል ያውቃል። በዚያ ቀን አልፈረመም፤ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ከቻይናዊው አጠገብ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፖሊሱ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ሸሪኬ እጁን ለእስክሪብቶው ዘረጋ።

"ያላጠፋኸውን አጠፋሁ ብለህ ትፈርማለህ?" አልኩት በአማርኛ።

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "አንተ እድሜ ጨምረህ መስኮት ወሰድክ። እኔ ጥፋት ጨምሬ ቤቴ ብገባ ምን አለበት?"

"ማይ ፍሬንድ፣ ፍጠን" አለ ፖሊሱ።

ከሰው ጋር በክርክር የምሸነፍ ሰው አይደለሁም፤ በዚህ ግን ተሸነፍኩ። የወረቀቴን ስህተት ፖሊስ ፊት መናገር ምን እንደሚያመጣ ሳላስብ አልቀረሁም። ብርድ ልብሱን አጠፍኩ። በሁለት እጄ ይዤ ሽንት ቤቱ ጋ ሄድኩና ሁሉም በሚሰማው እንግሊዝኛ ሃምሳ አራት ነኝ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ እኔም ዋሽቻለሁ አልኩ።

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ተቀበሉኝ።

"አውቄ ነበር" አሉ። "ስልሳ የሞላው ሰው እንዲህ አይቀናም።"

ታዲያ ለምን ተነሡልኝ አልኳቸው።

"በጣም ገፋህ። መልሼ ብገፋህ ሁለታችንም እንወድቅ ነበር።"

ፖሊሱ የእኛ ነገር አልገባውም ወይም ሊገባው አልፈለገም። ሸሪኬ እስክሪብቶውን መለሰለት። "አልፈርምም" አለው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠጋ በል አለኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሁለት ቀን ቆይተን ክሱ ተነሥቷል ተብለን ወጣን። ሸሪኬ የደረሰው ልጁ ከተወለደች በኋላ ነው፤ ሚስቱ ለዚህ ዛሬም ይቅር አላለችኝም። ከፈረሙት አራት ሰዎች አንዱ ፐርሚቱን ሊያሳድስ እንደተመላለሰ አለ።

እኔም ወረቀቴን አስተካክላለሁ ብዬ ገባሁበት። ብዙ ወረፋ፣ ብዙ "ነገ ና" ነበረው፤ አስተካከልኩት። ሸሪኬ በየእሑዱ ልጁን ይዞ ሽማግሌው ጋ ይሄዳል። እንደ አገራቸው ልማድ በሻይ ፈንታ ሙቅ ውሃ ይቀዱለታል፣ ሁለቱ የማይገባኝን ነገር እያወሩ ይሳሳቃሉ። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። ሲስቁ ዛሬም እቀናለሁ፣ አልዋሽም። ግን በራሴ እድሜ ነው የምቀናው።