ኩርባው ላይ የሚቆመው የሐዲድ ጋሪ

ዓርብ ማለዳ፣ ከአዋሳ

አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው፣ በርና አልጋ ከምሠራበት የብረታ ብረት ቤቴ የወጣሁት አንድ የብረት ጎማ በጆንያ ጠቅልዬ ነው። ሐይቁ ዳር ላለው ሆቴል እንግዶቹ ዘንግ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ራሳቸው የሚነዱት የሐዲድ ጋሪ ሠርቻለሁ። ሐዲዱ ከሞጆ የመጣ አሮጌ ነው፤ ጋሪው ግን ከነጎማው የእጄ ሥራ ነው። ቀጥታው ላይ ድምፅ እንኳ አያሰማም። ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ይጮኽና ይቆማል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ አስቴር፣ እሑድም ከቆመ ሐዲዱ ተነቅሎ ለመጋዘን ጣሪያ ተሸካሚ ይሆናል ብለውኛል። ስለዚህ በሐዲድ ሥራ ያረጀ ሰው ፍለጋ ወደ ሞጆ ተነሣሁ። ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የጠረጠርኩት ሐዲዱን ነው።

ሻሸመኔ ኬላ

ፈታሹ የቀበሌ የይለፍ ደብዳቤዬን አይቶ ሲያበቃ ጆንያውን አስፈታኝ። ሰዎች የሚዝናኑበት ጋሪ ጎማ ነው አልኩት። ማን እንደሚገፋው ጠየቀኝ። ራሳቸው ይነዱታል ስለው ጎማውን መለሰልኝ።

“ይሄማ ሥራ ነው” አለኝ፤ ጎማዬን መልሼ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ።

ዝዋይ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም የተጠበሰ ዓሣ በሁለት ብር በላሁ። ጥሩ ነበር፤ የአዋሳውን የአሞራ ገደል ዓሣ ለለመደ ሰው ግን ማመስገን ይከብዳል።

ሞጆ፣ ዘጠኝ ሰዓት

የባቡር ጣቢያው ዘበኛ፣ ጋሽ ቱሉ ከሚባሉ ሰው ቤት አደረሰኝ። ዕድሜያቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ፣ የኔውን በመሰለ ጋሪ ሲመላለሱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ጎማውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በጠርዙና በሐዲዱ መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደተውኩ ጠየቁኝ። ወረቀት እንኳ አያስገባም አልኳቸው፣ በኩራት።

“ታዲያ በየት በኩል ይዙር?” አሉኝ። “ኩርባ ላይ መፈናፈኛ ይፈልጋል። ትንሽ ካልተንኳኳ አይሄድልህም፣ ልጄ።”

ፊቴ ጋለ። የሚንኳኳ ነገር ከቤቴ እንዳይወጣ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም፤ ከጠርዙ የሚቀነሰውን በጠመኔ አሠመሩልኝ።

እሑድ፣ አዋሳ

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ገባሁ፤ ከሰዓቱን በሙሉ የአራቱንም ጎማዎች ጠርዝ በቶርኖ ማሽን ስልጥ ዋልኩ። በማግስቱ የዘንጉን አንድ ጫፍ ወይዘሮ አስቴር፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ራሳቸው ሳይሞክሩት እንግዳ እንደማያሳፍሩበት ነግረውኛል። ገና ስንነሣ ጋሪው ተንኳኳ፤ ጆሮዬን አሳመመኝ።

“ይንኳኳል እኮ። ባሰበት እንዴ?” አሉ።

“ኩርባውን እንለፍና እነግርዎታለሁ” አልኳቸው።

ኩርባው ላይ ትንሽ ወዝወዝ አለና ዞረ፤ ሐይቁ ፊት ለፊታችን መጣ። ከደስታዬ ብዛት ዘንጉን ይበልጥ አፈጠንኩት። እሳቸውም የመንኳኳቱን ምክንያት አልጠየቁኝም። ዘንጉን ሳይለቁ፣ “ለመጋዘኑ ጣሪያ ሌላ ብረት እንፈልጋለን” አሉ።

ዛሬም ከቤቴ የሚንኳኳ በርም ሆነ አልጋ አይወጣም። አዲስ ሥራ ስጀምር ግን አስቀድሜ የምጠይቀው በየት በኩል እንደሚዞር ነው።