ለበር ጥበቃ በአደራ የተሰጡ ሰባት መብራቶች

እኔ በምጠብቀው ሕንፃ ውስጥ አንድ አሮጌ ሊፍት አለ። እንደ ዘመኑ ሊፍቶች ቁልፍ ተነክቶ ብቻውን የሚሄድ አይደለም። የሚታጠፍ የብረት በር አለው፤ የሚያወጣውና የሚያወርደውም ውስጡ ቆሞ የናስ እጀታ የሚይዝ ሰው ነው። እጀታው በሰዓቱ ካልተመለሰ ሊፍቱ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ወራጁም ይደናቀፋል። ይህንን እጀታ ሃያ ስድስት ዓመት የያዘችው ሴት በሕንፃው ሁሉ «ላይ-ታች» ትባላለች። ስሙን ያወጣላት የሦስተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ ነው። እሷም አልተቆጣችም፤ «ከታች-ታች ይሻላል» ብላ ተቀበለችው።

አጭር ናት፤ ግራጫ ጋዋን ትለብሳለች። በርጩማ ተሰጥቷት ሳለ ተቀምጣበት አይቻት አላውቅም። በአሥራ አራት ዓመቷ እናቷ ሞተው ስድስት ታናናሾች እጇ ላይ ቀሩ። አሳደገቻቸው፤ አድገውም በየፊናቸው ተበተኑ። እሷ ግን ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ስትመላለስ ጡረታዋ ሊደርስ አሥር ወር ቀረው።

ወንበሬ ከሊፍቱ ፊት ለፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጣሪያው መስተዋት አልፋ ሊፍቱ በሚመላለስበት ክፍተት ትወርዳለች። ሊፍቱ ሲወጣ ጥላው ወለሉን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑን ይዞ የሚመጣ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ሕንፃው እንደ ተኛ ሰው ደረት በዝግታ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። እንዲህ ሲሆን እነሳና ፊቴን እታጠባለሁ፤ በሥራ ላይ ማለም አልወድም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ግራ እጇ እጀታውን እንደያዘ ቀኝ እጇ ስልክ መያዝ ከጀመረ ሰንብቷል። አውራ ጣቷ የስልኩን መስተዋት እንደ ዝናብ ጠብታ ይመታል፤ አይጽፍም፣ አያገላብጥም፣ ይመታል ብቻ። የገቢና የወጪውን ሰው ብዛት ለአንድ ሰው የምታስተላልፍ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ተከታተልኋት። ከዚያም አንድ ረቡዕ በመዝገቤ ላይ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «የሊፍት ሠራተኛዋ በቀኝ አውራ ጣቷ ስልኳን ያለማቋረጥ ትነካለች። ለማን እንደምትልክ አልታወቀም።» የመዝገቡ ገጾች ቁጥር አላቸው፤ በዘመኔ አንድም አልተቀደደም። ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዓርብ ያነብበዋል።

በማግስቱ ራሷን ጠየቅኋት። በሥራ ቦታ ሰውን ሁሉ አንቱ ማለት ልማዴ ነው።

«እትዬ፣ በስልክዎ ምን እየሠሩ ነው?»

«ሰው አድናለሁ።»

«የት ያለ ሰው?»

«ና ግባና እየው። ወይስ ሊፍቱ ይበላሃል?»

በሊፍት ወጥቼ አላውቅም፤ ገመዱን ያላየሁትን ነገር አላምንም። አንድ እግሬን ውጭ አስቀርቼ ገባሁ።

ያሳየችኝ ጨዋታ ነው። የእህቷ ልጅ ናት የጫነችላት። ጥቁር ቤት፣ ሰባት አልጋ፣ በየአልጋው የተኛ ሰው፣ በየራስጌው የጣት ጫፍ የምታህል መብራት። ስልኩ በተነካ ቁጥር አንድ ጠብታ ዘይት ጋን ውስጥ ይወርዳል። ቀን የተጠራቀመው ሌሊቱን ይነድዳል። ከወለሉ ሥር ደግሞ የማይታይ ነገር አለ፤ ጣውላውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ዘይቱ ሲሳሳ ጽሑፍ ይወጣል፦ «አንዱን ስጪኝ። ለቀሩት ብርሃኑን እኔ አኖርላቸዋለሁ።»

«ቢሰጡትስ?»

«የሰጠኸው መብራት ይጠፋል። ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ይሟሽሻል፣ ከሥሩ ሰው እንዳልነበረ። ከዚያ የቀሩት በእንቅልፋቸው ፈገግ ይላሉ። የእህቴ ልጅ ሰጥታ አሳየችኝ። እኔን ያስፈራኝ ፈገግታቸው ነው።»

«ባይሰጡትስ?»

«እየነካህ ትኖራለህ። ጋኑ ሳይሞላ ከመሸ ግን ራሱ መርጦ ይወስዳል። አርባ ቀኔ ነው፣ አንድም አልወሰደብኝ።»

በየመብራቱ ሥር ስም ጽፋለች፦ ድንቡሼ፣ ጭምቷ፣ ነገረኛው፣ እንቅልፎ፣ ቀጮ፣ ማሙሽ። የታናናሾቿ የቤት ስም ነው። በሰባተኛው ሥር «ዘበኛው» ይላል።

«ይህ ማን ነው?»

«አንተ ነሃ! አንድ አልጋ ተረፈኝ። ባዶ አልጋ ደግሞ አልወድም።»

«ያለ ፈቃዴ?»

«ተኝተህ ነበር፤ ማን ቀስቅሶ ይጠይቅሃል!» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ቶሎ አለቀ። ከአራተኛ ፎቅ ደወል ሲጮህ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ፣ ወደ እኔ ሳትመለከት ነገረችኝ። «እናታችን ስትሞት አክስቴ መጥታ ‹አንዱን ስጪኝ፣ የቀሩትን እደጉምልሻለሁ› አለችኝ። ማሙሽን ሰጠኋት። ቃሏንም ጠበቀች፤ ሌሎቹ ጠግበው አደሩ። ማሙሽ አሁን ትልቅ ሰው ነው። በዓመት አንዴ ሲደውል ‹እርስዎ› ይለኛል።»

እግሬን መልሼ ወጣሁ፤ በሩ ተዘጋ። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሊፍቱ ወደ ብርሃኑ ሲሄድ እያየሁ የረቡዕን ገጽ አስታወስሁ። መቅደድ አይቻልም። መሰረዝም አይቻልም፤ የጻፍሁት ያየሁትን ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያየሁትን ሁሉ አልጻፍሁም ነበር። በጥርጣሬ ስከታተላት፣ ሊፍቱ ምድር ቤት በቆመ ቁጥር አፉን ከወለሉ ጋር በዓይኔ እለካ ነበር፤ በስልክ የተጠመደ ሰው ይሳሳታል ብዬ ስሕተቷን ስጠብቅ። ዓርብ ጠዋት ከረቡዕ ጽሑፍ ሥር ጨመርሁ፦ «በዚህ ጊዜ ሊፍቱ ከወለሉ ሳይስተካከል የቆመበት፦ አንድም የለም። የተደናቀፈ ሰው፦ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ልጅ እግር ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። እኔ በደረጃ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ላይ-ታች ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድሮም እንደምታውቀው ነገር አየችኝ።

«ሰው አሳፍራ እየወጣች በስልክ ትጫወታለች ማለት ነው እኮ! ከሰኞ ጀምሮ እንዳትገባ።»

«ከሥሩ ያለውን አላነበቡም» አልሁ።

አነበበ። ደግሞ አነበበ። «የለካው ማን ነው?»

«እኔ። ሲሳሳቱ ለመያዝ ነበር የምለካው። አልተሳሳቱም።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሸት አድርጎ መዝገቡን ዘጋው። በመጨረሻም «በሉ ሥራዋን ትቀጥል» አለ። «ስልኩ ግን ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ ድረስ በበር ይቀመጥ።»

እሷ አላመሰገነችም። ከቢሮው ወጥተን ኮሪደሩ ላይ «ጋኑስ?» አለች፣ ለራሷ ነው። «ማታ አንዱን ይወስዳል። የትኛውን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ስልኩን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። የበሩ ደንብ ከእኔ በፊትም የነበረ ነው፦ በበር የተቀመጠ ዕቃ በተረከቡት ሁኔታ ይመለሳል። ስለዚህ ዕቃውን መርምሬ በደንቡ መሠረት ጻፍሁ፦ «አንድ ስልክ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ። ሰባት የሚበሩ መብራቶች።» የጻፍሁትን ተገልብጦ ካለበት አነበበችው። ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ሦስት ሰው ሊፍት እየጠበቃት።

ሰባት ተረክቤ ጋኑን ባዶ ብመልሰው ሌሊት መብራቶቹ ስድስት ይሆናሉ፤ ይህ እንደተረከቡት መመለስ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መንካት ጀመርሁ። በግራ እጄ ቦርሳ እፈትሻለሁ፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ዘይት እቀዳለሁ። ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ለማን ነው የምትልከው?» አለኝ። ቦርሳውን ፈትሼ አሳለፍሁት።

ቀትር ላይ ተፈታሽ በዛ፣ ዘይቱ ሳሳ፣ ጽሑፉ ወጣ። ከወለሉ ሥር መቧጠጡ በጣቴ በኩል ተሰማኝ። «አንዱን ስጪኝ።» ዓይኔ «ዘበኛው» በሚለው ላይ አረፈ። ከሁሉ የሚቀልለው እሱ ነበር፤ የሚፈልገው ሰው የለም፣ ሲደውልም የሚያነሳለት የለም። ጣቴ ወደዚያ ሄደ። አልጋው ላይ የተኛውን አየሁት፤ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀና ስል ሊፍቱ ይወርዳል፣ የሊፍቱ ብርሃንም ከፍ ዝቅ ይላል። ለጥቂት ጊዜ የትኛው ከስልኩ ውስጥ፣ የትኛው ከውጭ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ደንቡ ግን ግልጽ ነው። የተረከብሁት ሰባት ነው፤ ሰባተኛውም በእኔ ፊርማ ሥር ያለ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ጣቴን መለስሁና መንካቴን ቀጠልሁ።

ማታ ጋዋኗን አጥፋ በክንዷ ይዛ መጣች። ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ስልኩን ወደ እሷ ገፋሁ።

«ቁጠሪና ፈርሚ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። አንቺ ብያት አላውቅም። ከዚያ በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ማሙሽ ላይ ጥቂት ቆየች፣ ዘበኛው ላይ አበቃች።

«ሰባት» ብላ ፈረመች።

አሥር ወር ቀርቷታል። አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።