የዓቢዳ ማስነጠስ

ቡሬ ገበያ ላይ የበርበሬ ነጋዴዋን የዓቢዳን ማስነጠስ የማያውቅ የለም። ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትሰዳለች፣ ከሥር አንድ ዛላ በርበሬ ታወጣለች፣ ሰብራ ታሸታለች። ካስነጠሰች ገበሬው ይስቃል፤ ተሸጠለት ማለት ነው። ከወጣትነቷ ጀምሮ አፍንጫዋ ስቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ሳተ። ከገበሬው ከባምላኩ የገዛችው በርበሬ መጋዘኗ ውስጥ ሲፈታ ከሥሩ ሻግቶ ተገኘ። እንዲከብድ ውሃ ረጭተህበታል ብላ በሰው ፊት ወቀሰችው። እሱ መንገድ ላይ ዝናብ እንዳገኘው፣ እሷም አሽትታ እንደገዛችው ተናግሮ ሄደ። ልጇ አሪፋ ከሽታው የተነሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛለች። ዓቢዳ ጆንያው ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ አስነጠሳት እንጂ ምንም አልሸተታት።

ቀኝ እጇም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል። ሻርፗ ሥር ትደብቀው ነበር። አሪፋ ጎትታ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሟ ሜላት አስኬደቻት፣ ክንዷን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ከዚያ ስለ ማሽተት ጠየቀቻት። ዓቢዳ እንደምታስነጥስ ነገረቻት። ሜላት የሚያስነጥሳትን ማቃጠል የሚያውቀው ነርቭ ሌላ፣ ሽታውን የሚያውቀው ሌላ መሆኑን አስረዳቻት። በሽታው ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ሴል ውስጥ አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ ይታጠፋል፤ የተበላሸው ጤነኛውን እያበላሸ፣ እየተጣበቀ ይከመራል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ማሽተትን ይነካል፤ ቆይቶ እንቅስቃሴን የሚያዙት ሴሎች ይሞታሉ።

«ከሥር የሻገተ ጆንያ ነዋ» አለች ዓቢዳ።

«ይመስላል፣ እናቴ። ግን ይሄን ፈትተን ማራገፍ አንችልም። መድኃኒቱ ሰውነትዎን ያፍታታልዎታል እንጂ ክምሩን አያነሳውም።»

«ገበያዬስ?»

ሜላት እግሯም ጆሮዋም ደህና እንደሆነ፣ መሥራት እንደምትችል ነገረቻት።

በቀጣዩ ገበያ ዓቢዳ በቀጥታ ባምላኩ ዘንድ ሄደች። ጥፋቱ የአፍንጫዋ እንደነበር፣ በሰው ፊት እንደወቀሰችው ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች። ከዚያ ቀኝ ክንዷን ጆንያው ውስጥ ከተተች፣ አንድ ዛላ አውጥታ ጆሮዋ ሥር ያዘች። በደንብ የደረቀ በርበሬ ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል።

«እትየ ዓቢዳ፣ ሳያስነጥሱ ሊገዙኝ ነው?» አለ ባምላኩ።

«ማስነጠሴ ዋሽቶኛል።»

ዓይኑ የሚንቀጠቀጠው እጇ ላይ ቀረ። አልደበቀችውም።

«ሌላው ነጋዴ ለመስማት ይወዘውዛል» አለች። «ለእኔ መያዝ ብቻ ይበቃኛል።»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ዛላውን ለአሪፋ ሰጠቻት። አሪፋ ሰብራ አሸተተች፤ ደህና ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«መዝኑት» አለች ዓቢዳ።