ባሌ የዋጠው የእርግዝና ክኒን

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ አሰብ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የአሰብ ሙቀት እንኳን ለሁለት ነፍስ ለአንዲትም አይመችም። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ የዓይኔን ቆብ ገለብ አድርጋ አየችና፣ "አንቺ፣ ደም የሚባል ነገር የለሽም" አለች። የብረት ክኒን ሰጠችኝ። ልወጣ ስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰገራሽ ቢጠቁር እንዳትደነግጪ፤ የክኒኑ ነው" አለችኝ።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ክኒኑን አይቶ ምንነቱን ጠየቀኝ።

"ብረት ነው። ደም ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል ብለውኛል።"

"እኔ በረሃ ለበረሃ ብረት ስነዳ እከርማለሁ፣ አንቺ ጥላ ስር ቁጭ ብለሽ ብረት ትበያለሽ?"

ሳቅን። መንገድ ሲወጣ ግን ክኒኔ ተጋምሶ አገኘሁት። አይጥ ብረት እንደማይበላ አውቃለሁ።

ከመንገድ የተመለሰው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሆዱን ይዞ ነው። አልጋው ላይ ተዘረረ።

"አለቀልኝ" አለ። "አንጀቴ ተበጥሷል። የሚወጣኝ ሬንጅ ነው።"

የክኒኑ መሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ግን አልነገርኩትም። ትንሽ ይንፈራገጥ።

"ሳልሞት ልናዘዝ። ክኒንሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"ምነው፣ አርግዘህ ነው?"

ጎረቤቴ፣ የወደብ ጸሐፊው ሚስት፣ ማቃሰቱን ሰምታ "ሰላም ዓለይኩም" እያለች ሮጣ ገባች። ነገሩን ስነግራት ሻሿን አፏ ላይ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ "ወንድሜ፣ ስንተኛ ወርህ ነው?" አለችው። የሚሞተው ሰውዬ ተፈናጥሮ ተነሳና በሩን በርግዶ ወጣ።

ወሬው ሾፌሮቹ ዘንድ ለመድረስ አንድ ጉዞ አልፈጀበትም። ስሙ "ነፍሰ ጡሩ" ሆኖ ቀረ። ነርሷ ክኒኑን ከብርቱካን ጋር ብውጠው እንደሚሻል ነግራኝ ነበርና ይህም ከወሬው ጋር ስለደረሳቸው፣ ሾፌሮቹ ከደጋ ሲወርዱ "ለእርጉዙ ስጡልን" እያሉ ብርቱካን ቤታችን ይጥሉ ጀመር። እሱ እየተሳደበ ይቀበላል፤ እኔ እየሳቅሁ እበላለሁ። ደሜም ሞላ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ሾፌሮቹ ተሰብስበው መጡና እጁን እየጨበጡ "እንኳን ማርያም ማረችህ!" አሉት። እሱም ደረቱን ነፍቶ "አሜን" አለ። ያማጥኩት እኔ መሆኔ ትዝ ያላት ጎረቤቴን ብቻ ነበር፤ የዓሣ ሾርባ ይዛ በጓሮ በር ገባች።